የተናቀውን ወፍ ስላከበሩ ሴቶች

በቀድሞ ዘመን በአገራችን አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው በአደባባይ ይከበር ነበር። አንበሳ የገደለ ጐፈሩን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ዝሆን የገደለም በጆሮው የወርቅ ጕትቻ ያንጠለጥላል፤ ወዳጆቹ ይዘፍኑለታል፤ እርሱም እየፎከረ በሕዝብ ፊት ያልፋል። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። አውሬው ብዙ፥ ሰዉም ጥቂት በነበረበት ጊዜ ከብቱንና ልጆቹን ከአውሬ አፍ ያዳነ ሰው ለጎረቤቱ ሁሉ ጋሻ ነበረና ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሰው ምድርን ሞላ፤ ዱሩ ተመነጠረ፤ ረግረጉ ደረቀ፤ ብዙ አራዊትና አዕዋፍም ማደሪያ አጡ። ስለዚህ በዘመናችን አውሬ የገደለ ሳይሆን አውሬ ያዳነ ሰው በአደባባይ ተጠርቶ ሽልማት ሲቀበል እናያለን። ይህ ክብር ለማን ይገባል? ምንስ ይጠቅማል? ይህን ለማስተዋል በሕንድ አገር የሆነውን አንድ ታሪክ እንናገራለን። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሕንድ አገር በሰሜን ምሥራቅ በኩል አሳም የሚባል ግዛት አለ። ታላቁ የብራህማፑትራ ወንዝ በመካከሉ ያልፋል። በዝናብ ወራት ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ውሃውም በጐደለ ጊዜ ብዙ ኵሬና ረግረግ ትቶ ይሄዳል። በዚያ ረግረግ ውስጥ አንድ ትልቅ ወፍ ይኖራል፤ የአገሩም ሰዎች ሐርጊላ ይሉታል። ትርጓሜው አጥንት ዋጭ ማለት ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ክንፉን በዘረጋ ጊዜም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። ራሱና አንገቱ መላጣ ነው፤ ከአንገቱም በታች እንደ ከረጢት ያለ ቆዳ ተንጠልጥሎበታል። አረማመዱ ቀስ ያለና የተገተረ ስለሆነ እንግሊዞች በወታደር ሹም ማዕርግ ስም ጠሩት። በአዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ በሚበለትበት ስፍራ የሚቆመውን አባ ኮዳን ያየ ሰው ሐርጊላን ለማሰብ አይቸገርም፤ ሁለቱ የአንድ ወገን ወፎች ናቸውና።

ሐርጊላ ዓሣና እንቁራሪት፥ እባብም ይበላል። የሞተ እንስሳ ሥጋና ከከተማ የሚጣለውንም ጥራጊ ይለቅማል። ስለዚህ ሥራው እንደ ጠራጊ ሥራ ነው፤ ደመወዝ ሳይቀበል የሸተተውን ከምድር ላይ ያነሣል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በካልካታ ከተማ ሐርጊላ እጅግ ብዙ ነበር። ከተማዪቱንም ስላጸዳ የገደለው ሰው ሃምሳ ሩፒ መቀጫ እንዲከፍል ታዝዞ ነበር፤ መልኩም በከተማዪቱ አርማ ላይ ተሥሎ ነበር። ነገር ግን ጥራጊው በሌላ መንገድ ሲነሣ፥ ዛፉ ሲቈረጥና ረግረጉ ሲደፈን ወፉ ከካልካታ ጠፋ። በአርማው ላይ የተሣለው ቀረ፤ በሰማይ የሚበርረው ግን አልተገኘም። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ በሥዕል ብቻ የቀረ ክብር የተከበረውን ፍጥረት አያድነውም። ዛሬ ሐርጊላ የሚገኘው በሕንድ አገር በአሳምና በቢሃር፥ ደግሞም በካምቦዲያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ወይዘሮ ፑርኒማ ዴቪ ባርማን የአሳም ተወላጅ ናቸው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ በብራህማፑትራ ወንዝ ዳር ይኖሩ ወደ ነበሩት ወደ አያታቸው ተላኩ። አያታቸው ገበሬ ነበሩ፤ ልጅቱንም ወደ ሩዝ እርሻና ወደ ረግረጉ እየወሰዱ ስለ ወፎች ያስተምሯት ነበር። አያት ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው ሀብት እርሻና ከብት ብቻ አይደለም፤ የሚያይ ዓይንም ያወርሳል። ልጅቱ አድገው ስለ እንስሳት የሚናገረውን ሳይንስ ተማሩ፤ ለዶክተርነት ማዕርግም የሐርጊላን ኑሮ መመርመር ጀመሩ።

በ2007 አንድ ሰው በግቢው ያለውን ረጅም ዛፍ እንደ ቈረጠ ሰምተው ወደ መንደሩ ሄዱ። ሐርጊላ ጎጆውን የሚሠራው በረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ነው፤ በዚያም ዛፍ ላይ ጫጩቶች ነበሩ። ዛፉ ሲወድቅ እነርሱም አብረው ወደቁ፤ አንዳንዶቹ ሞቱ፤ አንዳንዶቹም በምድር ላይ ይንፈራገጡ ነበር። ወይዘሮ ፑርኒማ ባለ ዛፉን ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቁት። ጎረቤቶቹ ግን ከበቧቸው፤ አፏጩባቸው፤ አፌዙባቸውም። ይህ ወፍ ክፉ ምልክት ነው፥ በሽታ ያመጣል፥ ግቢያችንንም ያቆሽሻል አሉ። እርሳቸው በዚያን ጊዜ የትንንሽ መንታ ልጆች እናት ነበሩ፤ የጫጩቶቹም ጩኸት ከጆሯቸው አልጠፋም። የምመረምረው ወፍ ካለቀ ምርምሬ ለማን ይጠቅማል ብለው አሰቡ። ስለዚህ የዶክተርነቱን ጽሕፈት አቆይተው ወፉን ለማዳን ተነሡ። ያን ጽሕፈት የፈጸሙት ከብዙ ዘመን በኋላ በ2019 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዛፉን የቈረጠውን ሰው ክፉ ሰው ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ዛፉ የእርሱ ነው፤ ግቢውም የእርሱ ነው። ሐርጊላ ለጫጩቶቹ የሸተተ ሥጋና አጥንት ያመጣል፤ ከዚያም የሚበዛው በግቢው ውስጥ ይወድቃል፤ ኵሱም እንዲሁ። ልጆቹ የሚጫወቱበት፥ ሚስቱም እህል የምታሰጣበት ስፍራ ይሸታል። ወፉ ለአገር ሁሉ ይጠቅማል፤ ሽታው ግን ለአንድ ቤት ብቻ ይደርሳል። በሩቅ ያለ ሰው ወፉን ጠብቅ ብሎ ቢያዝዘው፥ አንተስ ሽታውን ከእኔ ጋር ትካፈላለህን ብሎ ቢመልስ ምን እንላለን? እንግዲህ የዚህ ታሪክ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ የሁሉን ጥቅም ስለ ሁሉ ብሎ የሚሸከመውን ድኻ ሰው በምን እንክሰው?

ወይዘሮ ፑርኒማ በዘለፋና በማስፈራራት አልሄዱም። የዘለፉት ሰው ቀን ዝም ይላል፤ ሌሊት ግን መጥረቢያውን ያነሣል። እርሳቸው የመረጡት ማክበርን ነው። በግቢያቸው የሐርጊላ ጎጆ ያለበት ዛፍ የነበራቸውን ባላገሮች በሕዝብ ስብሰባ ፊት ጠርተው አመሰገኗቸው። ትናንት በዛፉ ምክንያት ይሳቀቅ የነበረ ሰው ዛሬ ስለዚያው ዛፍ በጎረቤቶቹ ፊት ስሙ ተጠራ። ሰው ደግሞ ስለ ተመሰገነበት ነገር ይጠነቀቃል፤ የከበረበትን ዛፍ ለመቍረጥ እጁ አይፈጥንም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሴቶቹ ሄዱ። በመንደር ሴቶች ከቤት ሥራ የተነሣ ወደ ስብሰባ አይመጡም ነበር፤ ስለዚህ የምግብ አሠራር ውድድር አዘጋጅተው ጠሯቸው። ሴቶቹ ጣፋጭ ምግባቸውን ይዘው መጡ፤ በዚያም እየተጫወቱ ስለ ሐርጊላ ነገር ሰሙ። በአሳም እርጉዝ ሴት የምትከበርበት የሴቶች ግብዣ አለ። እኛ አገር አንዲት ሴት በወለደች ጊዜ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ገንፎ እንደሚበሉና እንደሚመርቁ፥ እነርሱም ለእርጉዟ ይዘፍናሉ፤ መልካሙንም ይመኙላታል። ወይዘሮ ፑርኒማና ባልንጀሮቻቸው ይህንኑ ሥርዓት ሐርጊላ በምትታቀፍበት ወራት ለወፏ አደረጉላት። በመጀመሪያ ሰሚውን ሁሉ ያስቃል፤ ነገር ግን እናት የሆነች ሴት ሁሉ ነገሩን በልቧ አስተዋለችው። በዛፉ ጫፍ ላይ ያለችውም እናት ናት። ክፉ ምልክት ትባል የነበረችው ወፍ እንደ መንደሩ ልጅ ተቈጠረች።

በእኛ አገር ፈትል የሴት፥ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ በአሳም ግን ሴቶች ራሳቸው ይሸምናሉ። በዚያ አገር ጋሞሳ የሚባል ነጭ ጨርቅ አለ፤ በቀይ ጥለት የተሸለመ ሲሆን ለእንግዳና ለሚከበር ሰው ይሰጣል። ሴቶቹ በጋሞሳውና ሳሪ በሚባለው ልብሳቸው ላይ የሐርጊላን መልክ መሸመን ጀመሩ። የሽመና ዕቃዎችና ፈትል ተሰጣቸው፤ የሸመኑትንም ሸጠው ለቤታቸው ገንዘብ አገኙ። እንግዲህ ወፉ ሽታ ብቻ ሳይሆን እንጀራም አመጣ። ከላይ የጠየቅነው ጥያቄ መልሱን ያገኘው በዚህ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው ቤት ከጥቅሙም ሊካፈል ይገባዋልና።

የሴቶቹ ማኅበር የሐርጊላ ሠራዊት ተባለ። ጠመንጃ የሌለው፥ መሣሪያውም ድርና ማግ የሆነ ሠራዊት ነው። ጫጩት በወደቀ ጊዜ እንዳይሞት ከዛፎቹ ሥር መረብ ተዘረጋ። የተጐዱትም ወደ ሐኪም እየተወሰዱ ታከሙ። ረጅም ዛፍ ባነሰበት ስፍራ ከቀርከሃ ከፍ ያለ ማማ ተሠራ፤ በዚያም ላይ ጫጩቶች ተፈለፈሉ። በጎጆዎቹና በረግረጉ አጠገብ 45,000 ችግኝ ተተከለ። በ2022 የሠራዊቱ ቍጥር ከ10,000 ሴቶች በላይ ሆኖ ነበር። ሥራው ሲጀመር በዳዳራ፥ በፓቻሪያና በሲንጊማሪ መንደሮች 28 ጎጆዎች ብቻ ነበሩ፤ በ2022 ግን ከ250 በላይ ተቈጠሩ። በ2023 የዓለም አራዊትን ሁኔታ የሚመዘግበው የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሐርጊላን ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አውጥቶ ሥጋቱ ወደ ቀለለው ደረጃ አሸጋገረው።

ከዚህ የተነሣ ሽልማት ከየአገሩ መጣ። በ2017 በለንደን ከተማ የዊትሊ ሽልማት የሚባለውን ከልዕልት አን እጅ ተቀበሉ። በ2018 የሴቶች በዓል በሚከበርበት ቀን የሕንድ አገር መንግሥት ለብርቱ ሴቶች የሚሰጠውን ታላቅ ሽልማት በፕሬዚዳንቱ እጅ ሰጣቸው። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የምድር ጀግና ብሎ ሰየማቸው። በ2024ም የዊትሊን የወርቅ ሽልማት ተቀበሉ፤ ከእርሱም ጋር 100,000 ፓውንድ ለሥራው ተሰጠ። በዚያን ጊዜ የያዙት አሳብ የሠራዊቱን ቍጥር 20,000 ማድረስና እስከ 2030 ድረስ ሐርጊላን በዓለም ላይ 5,000 ማድረግ ነበረ።

ሽልማት ምን ይጠቅማል? በመጀመሪያ፥ የሚያዩትን ሰዎች ዓይን ይከፍታል። አንድ መንደር በግቢው ያለውን ነገር ከንቱ ነው ብሎ ሲኖር፥ ከሩቅ አገር መጥተው ይህ ነገር ክቡር ነው ሲሉት መልሶ ይመለከተዋል። ሁለተኛ፥ የሥራ መሣሪያ ይሆናል። ከሽልማቱ ጋር የሚሰጠው ገንዘብ ለመረብ፥ ለችግኝና ለፈትል ይውላል እንጂ ለጌጥ አይውልም። ሦስተኛ፥ ልጆችን ያስተምራል። ልጅ የሚመኘው በአደባባይ ሲከበር ያየውን ነው፤ ገዳይ ሲከበር ያየ ልጅ ገዳይ ለመሆን ይመኛል፤ ጠባቂ ሲከበር ያየም ጠባቂ ለመሆን ይመኛል።

ነገር ግን ሽልማት ደግሞ ፈተና አለበት። በለንደን አዳራሽ ውስጥ የተጨበጨበላቸው አንዲት ሴት ናቸው፤ በዳዳራ መንደር ግን ማለዳ ተነሥታ ከዛፏ ሥር የወደቀውን የምትጠርግ፥ ስሟም በጋዜጣ የማይጻፍ ሴት አለች። የሠራዊት ድል በአለቃው ስም ይጠራል፤ ቁስሉ ግን በየወታደሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሽልማት የተቀበለ ሰው ሽልማቱን እንደ አደራ ይያዘው፤ ከባልንጀሮቹም ጋር ይካፈለው። ደግሞም ሽልማት ብቻውን መጥረቢያን አያቆምም። በጉዋሃቲ ከተማ ዳር ብዙ ሐርጊላዎች ከጥራጊ ክምር ላይ ሲለቅሙ ታይተዋል፤ ከተማዪቱ እየሰፋች ረግረጉ እየጠበበ ሄዷልና። ጭብጨባው በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ጥበቃው ግን በየማለዳው እንደ ገና ይጀመራል።

ሽልማት ሳይቀበሉ የጠበቁም አሉ። በአገራችን በመንዝ ምድር ጓሳ የሚባል ቀዝቃዛ ደጋ አለ። የአገሩ ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ አለቃ እየመረጡ፥ ሕግም እየደነገጉ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ከልክለው ያቆዩት ነበር፤ ቤት የሚከደንበትና ከብት የሚግጥበት እንዳይጠፋባቸው ነው። በእነርሱ ጥበቃ ምክንያት በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ስፍራ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። እነዚያ አባቶች ሜዳሊያ አልተንጠለጠለላቸውም። ክብራቸው ሣሩ ራሱ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውም ያዩታል።

ልጆች ሆይ፥ ኖኅ ወደ መርከቡ ያስገባው ንጹሓን የተባሉትን እንስሳት ብቻ እንዳልነበረ አስቡ። ርግብም ቍራም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ፈጣሪ መልከ መልካሙን ብቻ አድን ብሎ አላዘዘም። እኛ ግን ያማረውን ወፍ እናደንቃለን፤ መላጣውንና የሚሸተውን በድንጋይ እንመታለን። አባ ኮዳ ዓሣ ከተበለተበት ስፍራ የተጣለውን ባያነሣ፥ ጥንብ አንሣም በድኑን ባያጸዳ፥ ጅብም ሌሊት የመንደሩን ጥራጊ ባይጠርግ ሽታውና በሽታው ለእኛ በቀረ ነበር። የተናቀ አገልጋይ ጥቅሙ የሚታወቀው በጠፋ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማመስገን አይመልሰውም።

ስለዚህ ክብርን አታዘግዩ። በመንደራችሁ ምንጭ የሚያጸዳ፥ ዛፍ የሚተክል፥ የወደቀ ጫጩት የሚያነሣ ሰው ቢኖር፥ ከሩቅ አገር ሽልማት እስኪመጣለት አትጠብቁ፤ ዛሬ በስሙ ጥሩት፥ በሰው ፊትም አመስግኑት። ለዚህ ወርቅና ብር አያስፈልግም። ወይዘሮ ፑርኒማ ሥራቸውን የጀመሩት ባላገሮቹን በጎረቤቶቻቸው ፊት በማመስገን ነበር፤ የለንደኑ ሽልማት የመጣው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ብቻቸውን የቆሙባት ያች ቀን ከፌዝና ከፉጨት በቀር ምንም አልሰጠቻቸውም ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ሴት ወደ ሌላዪቱ፥ ሌላዪቱም ወደ ሦስተኛዪቱ እየተጨመረች ዐሥር ሺህ ሆኑ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውን በአሳም ያሉ ሸማኞች በሥራ አሳዩ፤ የእነርሱ ድር ግን አንበሳ ለማሰር ሳይሆን የወደቀች ጫጩት ለመቀበል ተዘረጋ።

ጥያቄ።

1. በቀድሞ ዘመን አውሬ የገደለ ሰው ስለ ምን ይከበር ነበር? ዛሬ ነገሩ ስለ ምን ተለወጠ?

2. በካልካታ አርማ ላይ የተሣለው ወፍ ከከተማዪቱ መጥፋቱ ምን ያስተምረናል?

3. ዛፉን የቈረጠው ሰው ምክንያቱ ምን ነበር? አንተ በእርሱ ስፍራ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

4. ወይዘሮ ፑርኒማ ከመዝለፍ ይልቅ ማክበርን የመረጡት ስለ ምን ነው?

5. በመንደርህ ሳይመሰገን መልካም ሥራ የሚሠራ ሰው ማን ነው? እንዴትስ ታከብረዋለህ?